የገና ጋቢ ጥለትና ቁጭት
(በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክበብ የታኅሣሥ ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የክበባችን ሰብሳቢ ስለ እጅ ሥራ እንድናገር ባዘዘችኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ጥልፍ ለመናገር ነበር። ስለ ጥልፍ መጽሐፍ አለ፤ ከመጽሐፍ ቀድቶ መናገርም ቀላል ነው። ነገር ግን ልደት ሊደርስ የቀረን ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ በየቤቱም አዲስ ልብስ የሚታሰብበት ጊዜ ነው። በእኛም ቤት አንድ ጋቢ ከሸማኔው እጅ ወጥቶ፣ ጫፉ ገና ተቋጭቶ ሳያልቅ፣ በመደብ ላይ ሆኖ ሲጠብቀኝ ሰነበተ። ስለዚህ መጽሐፉን ትቼ ከመደቡ ላይ ያለውን ይዤ መጣሁ። ይኸው በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ነው። ንግግሩ ሲያልቅ መንካት ይቻላል፤ እጁን የታጠበ ብቻ።

የዛሬው ነገሬ ጠባብ ነው። ስለ ጋቢ ሁሉ አልናገርም፤ ስለ ጠርዙና ስለ መጨረሻው ብቻ እናገራለሁ፤ ይኸውም ስለ ጥለቱ አመራረጥና ስለ አቋጫጨቱ ነው። ስለ ድር የሚናገር ሰው ሁሉ አንበሳን አብሮ መጥራት ልማዱ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ አንበሳውን በዱር ትቼዋለሁ።

ምናልባት ከመካከላችን ከጃኬት በቀር ሌላ የብርድ ልብስ የማያውቅ ቢኖር ጥቂት ልንገረው። ጋቢ አራት ድርብ የሆነ የጥጥ ልብስ ነው። ከነጠላና ከኩታ ይወፍራል፤ ከቡሉኮ ይቀላል። ቀን ይለበሳል፤ ማታ ይደረባል፤ እንግዳ ሲመጣም ለእንግዳው ይሰጣል። የልደት ሌሊት ደግሞ የጋቢ ሌሊት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታኅሣሥ የብርድ ወር ነው፤ ቅዳሴው በሌሊት ነው፤ ሰውም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ቆሞ ያነጋል። በዚያን ሌሊት ላሊበላን ያየ ሰው የሚያስታውሰው በዓለቱ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር የቆመውን ነጭ ልብስ ነው። ከሩቅ ሁሉም ነጭ ነው። ቀርቦ ላየው ግን እያንዳንዱ ነጭ የራሱ ጠርዝ አለው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ምንም የሌለው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ይህ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ ማጉን በቀሰም ጠቅልሎ፣ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ ይሠራል። ዛሬ ድሩ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣ ክር ነው፤ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ሲሆን ልብሱ ይለሰልሳል፤ ሙቀትም ይይዛል። መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ የሚወረወር በመሆኑ የጨርቁ ስፋት ከሸማኔው ክንድ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህም ጋቢ ከመካከሉ የሚጋጠም ስፌት አለው። ይህን ስፌት አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጥለቱ ልግባ። ብዙ ሰው፣ እኔም ራሴ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥለት ማለት ልብሱ ካለቀ በኋላ እንደ ጌጥ የሚጨመር ነገር ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሸማኔው በድሩ ላይ ገና በመጀመሪያ ከሚወረውራቸው ክሮች ጋር ጥለቱን ይጀምራል። ነጩ ገላ የሚመጣው ከጥለቱ በኋላ ነው። ወደ ሌላው ጫፍ ሲደርስም የመጀመሪያውን አስታውሶ ክር በክር ይደግመዋል። ስለዚህ የጥለቱን ቀለም፣ ወርዱንና ክሩን የሚመርጥ ሰው ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መርጦ መጨረስ አለበት። ከተሠራ በኋላ «ቀጠን ቢልልኝ» ማለት አይጠቅምም። ጥለት አይፈታም፤ ይቆረጣል እንጂ።

ይህን የተማርሁት በመልካም መንገድ አይደለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት አያቴ፣ እማማ እያልሁ የምጠራቸው፣ ለአባባ የልደት ጋቢ ይፈትሉ ጀመር። ከትንሣኤ በኋላ የጀመሩት ፈትል ያለቀው በጥቅምት ነው። ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ ቀን ቀን ከበሩ አጠገብ በብርሃን ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ ማታ ማታ ግን እንዝርቱን በጣታቸው ብቻ እያዳመጡ ነበር የሚያዞሩት። ልቃቂቶቹን በዘንቢል ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ጠሩኝና፣

«እኔ ቀለሙን እንደ ቀድሞው አልለየውም፤ አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ጥለቱን አንቺ ምረጪለት» አሉኝ።

ሠፈራችን ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ስለሆነው ስለዚህ ሠፈር ብዙ መናገር አያሻኝም፤ ሐበሻ ልብስ መግዛት የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል። ሸማኔዎቻችን አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አገር የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። ለእኛ የሚሠሩልንም ጎረቤታችን እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ በሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይባላሉ።

እኔም ወደ ሱቅ ሄድሁና የሚያብለጨልጭ ቀይ ክር ገዛሁ። ቀዩ በጣም ቀይ ነበር። ዋጋውም ረከስ ያለ ስለሆነ በተረፈው ገንዘብ ወርቃማ ክር ጨመርሁበት። ክሩን ይዤ ወደ ጋሼ ደረስሁና ጥለቱ ስንዝር እንዲሆን ነገርኋቸው።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለአባባ ነው ጋሼ።»

«ለሽማግሌ፣ ያውም ለጋቢ፣ ስንዝር ሙሉ ቀይ?» ብለው ክሩን በጣታቸው አፍተለተሉትና «ይህን ክር ነክረሽ አይተሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ጓደኞቼ፣ እኔ ክሩን አልነከርሁም። ክር ይነከራል መባሉንም የሰማሁት ያን ጊዜ ነበር። ነገር ግን «አዎን፣ አይቼዋለሁ» ብዬ መለስሁ። ለምን እንደ ዋሸሁ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። አለማወቄን ለመምህሬ ብናገር አላፍርም ነበር። ጋሼ ግን ቀለም ያልቆጠሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ባለ ቀሰም ሰው እንዴት ያስተምረኛል የሚል ነገር በልቤ ነበረ ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ ሸማኔንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የከለከለው በአፍ የሚወጣውን ስድብ ነው፤ የእኔን ዓይነት በሆድ የሚቀመጠውን ግን ማንም አዋጅ አይደርስበትም።

በወርዱ ላይ ተከራክረን በመጨረሻ አንድ ጋት እንዲሆን ተስማማን። በክሩ ላይ ግን ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። ቃሌን አመኑ።

እዚህ ላይ ታሪኩን አቆም ላድርግና ጥለት ሲመረጥ ምን እንደሚታሰብ፣ ከዚያ ወዲህ ከጋሼም ከእማማም የሰማሁትን ልናገር።

መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን ለባሹ ነው። ሰፊ ጥለት ለሙሽራና ለሚዘፈንበት ቀሚስ ያምራል፤ ለጋቢ ግን ይከብዳል። ጋቢ ድርብ ስለሆነ የጥለቱም ውፍረት አብሮ ይደረባል፤ ጫፉ እንደ ሰሌን ድርቅ ይልና ከትከሻ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ለጋቢ ሁለት ጣት የሚበቃ ጥለት ነው፤ ለሽማግሌ አንድ ጣትም ይበቃል። ጨርሶ ነጭ በነጭ የሚያሠሩም አሉ፤ እኔ በበኩሌ ጥቂት ቀለም ያለበትን እመርጣለሁ፤ በሌሊት ጋቢ ሲለዋወጡ ለመለየት ይረዳል። በቀድሞ ዘመን ሰፊው ቀይ ጥለት፣ ጃኖ የሚባለው፣ የመኳንንት መለያ ነበር። የእኔም ዓይን ሳላውቀው ወደዚያ ሄዶ ይሆናል። አባባ ግን ጡረታ የወጡ የግንበኛ አለቃ ናቸው።

ቀጥሎ ጥለት ቋንቋ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ሲለበስ ሰላም ነው፤ ደስታ ነው። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ተመልሶ ሲለበስ ኀዘን ነው። «አዘቅዝቃ ለብሳለች» የተባለች ሴት ሰው እንደ ሞተባት ሳትናገር ይታወቅላታል፤ መንገደኛም ቢሆን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሏት ያልፋል። ጥቁር ጥለትም ለኀዘን ይውላል። ስለዚህ ለልደት ጋቢ ጥቁር የሚመርጥ ሰው፣ ቀለሙ ምንም ቢያምርለት፣ በበዓል ቀን ሰውን ግራ ያጋባል። ጥለት የሌለው ልብስ ላይና ታቹ አይታወቅም፤ ጥለት ያለው ልብስ ግን አንድ ነገር ሳይናገር አይለበስም። ይህን በመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ከዚህ በታች በምነግራችሁ ምክንያት የገባኝ ነው።

ጋቢው ከሸማኔው እጅ የወጣ ታኅሣሥ 24 ቀን ነው። አምሮ ነበር። ነጩ እንደ እርጎ፣ ቀዩ እንደ እሳት። ገና አልተደረበም፤ አልተሰፋምም። አዲስ ሸማ ከሸማኔ ሲወጣ ድርቅ ስለሚል ታጥቦ ይለሰልሳል። እማማ ወደ ገበያ በሄዱበት፣ ላስደስታቸው ብዬ፣ ውሃ አሙቄ ሳሙና ጨምሬ በሳፋ ዘፈዘፍሁት። በሙቅ ውሃ! ከዚያም የቤት ሥራዬን ልሠራ ተቀመጥሁ።

ስመለስ ውሃው ወይን ጠጅ ይመስላል። ጋቢውን ባወጣሁት ጊዜ በጥለቱ አጠገብ አንድ ክንድ ያህል ሐምራዊ ደመና ነበረ፤ በመካከሉም በታጠፈበት በታጠፈበት ቦታ ቀይ ቀይ ሆኖ ነበር። እኔም በድንጋጤ ሁለተኛውን ስሕተት ጨመርሁ። ቶሎ ይድረቅና ይጥፋ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በውነቱ ማድረግ የነበረብኝ ሳይደርቅ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነበር፤ የለቀቀ ቀለም እርጥብ ሳለ ገና ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ከአዲሱ ቦታው ማስለቀቅ ከባድ ነው።

እማማ ከገበያ ተመለሱ። ዓይናቸው ቀለም አይለይም ብያችኋለሁ። ያን ቀን ግን ከበሩ ሳይገቡ አዩት። ዘንቢላቸውን አስቀመጡና ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ቆሙ። ስድስት ወር የፈተሉት ነው። እኔ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ክሩን አለመንከሬንም፣ ለጋሼ መዋሸቴንም። እማማ ከዚህ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለጋሼ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኋቸውም።»

«እንግዲያው እሱን ሄደሽ ንገሪ። ጨርቁን ለእኔ ተይው።»

ሄድሁ። ጋሼ አልተቆጡም። «እኔም አንድ ክር መዝዤ መንከር ነበረብኝ» ብለው ጥፋቱን ተካፈሉኝ፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ስመለስ እማማ ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግተው ያጥፉታል፤ ይዘረጉታል፤ እንደገና ያጥፉታል።

«ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ለብርድ ብቻ መሰለሽ?» አሉኝ። «ውስጥ አለው እኮ!»

የመካከሉን ነውር ሁሉ ወደ ውስጥ ድርብ አስገቡት። እንዴት እንዳጠፉት እስከ ዛሬ አስመስዬ ላጥፈው ሞክሬ አልተሳካልኝም። በጥለቱ አጠገብ ያለው ደመና ግን ጫፍ ላይ በመሆኑ የሚደበቅበት አልነበረም።

የልደት ሌሊት አባባ ጋቢውን ሊለብሱ ሲሉ እኔ ደመናው እንዳይታይባቸው ብዬ፣ «አባባ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ቢለብሱት በአንገትዎ ስር ይጠፋል» አልኋቸው።

«በልደት ቀን ኀዘንተኛ ልታደርጊኝ ነው?» አሉና ሳቁ።

ከዚያም ጥለቱን ወደ ታች ለቀውት፣ ደመናው ለሰው ሁሉ እየታየ፣ ሄዱ። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ወዳጃቸው ጫፉን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲላቸው አባባ «የልጅ ልጄ የመረጠችልኝ ጥለት ነው» አሉት። ውሸትም አልነበረም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስለ ክር ያወቅሁትን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ መካከል ለበዓሉ ጥለት የሚያስገባ ካለ ገና ጊዜ አለው።

ቀለም ክሩን የሚለቀው በማቅለሙ ጊዜ በክሩ ያልተያዘ ትርፍ ቀለም በላዩ ሲቀር ወይም ቀለሙና ክሩ የማይስማሙ ሲሆኑ ነው። ሙቀትና ሳሙና ያን ትርፍ ያስወጡታል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ በተለይ ይጠረጠራሉ። ፈተናው ቀላል ነው። ከክሩ አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ በነጭ ጨርቅ መጠቅለል፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ነክሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፤ ከዚያ ጨምቆ ነጩን ጨርቅ ማየት። ጨርቁ ነጭ ከሆነ ክሩ ታማኝ ነው። ጥቂት ከነካው ክሩን በሙሉ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ አጥቦ እንደገና መፈተን ይገባል። ለሁለተኛ ጊዜም ከለቀቀ መተው ነው፤ ርካሽነቱ አያታልላችሁ። ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን ይይዘዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ከተረፈኝ ቀይ ክር ላይ በጨውም በኮምጣጤም ሞክሬአለሁ፤ አልያዘውም።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። የእጅ ፈትል ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። የጥለቱ ክር ከጥጥ ያልተሠራ፣ የሚያብለጨልጨው ዓይነት ከሆነ ግን እምብዛም አይሰበሰብም። ገላው ሲያጥር ጠርዙ እንደ ነበረ ይቀራልና ጫፉ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል። በየበዓሉ የምናያቸው ጫፋቸው የሚሞገድ ነጠላዎች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሸማኔው ግን በከንቱ ይታማል። መድኃኒቱ ለጥለቱም የጥጥ ክር መምረጥ ነው። ብልጭልጩን የግድ የሚወድ ሰው በጥጡ መካከል አንድ ሁለት መሥመር ብቻ ያስገባ።

አሁን አስታውሱልኝ ወዳልሁት ስፌት ልመለስ። ጋቢው በመካከሉ ሲጋጠም የግራው ጥለትና የቀኙ ጥለት መሥመር በመሥመር መግጠም አለባቸው። የሸማኔው እጅ ጧትና ማታ አንድ ዓይነት አይመታም፤ ስለዚህ አንዱ ጥለት ከሌላው በክር ውፍረት ያህል ሊሰፋ ይችላል። የሚሰፋው ሰው ስፌቱን ከጥለቱ ጀምሮ ወደ ገላው ቢሄድ ልዩነቱ በነጩ ውስጥ ይጠፋል። ከገላው ጀምሮ ወደ ጥለቱ ቢመጣ ግን ጉድለቱ ሁሉ ተሰብስቦ በጥለቱ ላይ ይቆማል፤ ዓይንም ወዲያው እዚያ ያርፋል። የሚሰፋበት ክር ከራሱ ከድሩ የተረፈው ቢሆን ይመረጣል፤ በአንድነት ይነጣል፤ በአንድነት ያረጃል። በስፌት መኪና መስፋት ይፈጥናል፤ ነገር ግን ክሩን አጥብቆ ስለሚይዝ መካከሉ ይጎረብጣል። በዚህ ላይ ከክበባችን አባላት አንዳንዶቹ አይስማሙኝም፤ ከጋቢው ጋር ተቀምጠን ልንከራከር እንችላለን።

የመጨረሻው ሥራ መቋጨት ነው። ይህ ቃል ወደ ንግግራችን ገብቶ «ነገሩን ቋጨው» ስንል ጨረሰው ማለታችን ነው። ቃሉን በየቀኑ የምንጠራ ስንቶቻችን ቁጭት ቋጭተን እናውቃለን? እጅ አንሡ ብዬ ላሳፍራችሁ አልፈልግም።

ሸማው ከድሩ ላይ ሲቆረጥ በጫፉ የድሩ ክሮች ተንጠልጥለው ይቀራሉ። እንዲሁ ከተተዉ ማጉ ከጫፍ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ጥለቱም ከዳር ጀምሮ ይፈታል። ስለዚህ የሚቋጨው ከመታጠቡ በፊት ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ይህንንም አላወቅሁም ነበር። አቋጫጨቱ እንዲህ ነው። እኔ ስምንት ስምንት ክር እቆጥራለሁ፤ አራቱን ለአንድ እጅ፣ አራቱን ለሌላው እሰጣለሁ። ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ቀኝ፣ አጥብቄ አከርራለሁ። ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ስለቃቸው ራሳቸው ወደ ግራ ይጠመጠማሉ። እያንዳንዱ ወደ ኋላ ሊፈታ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት ቁጭት ዓመታት ታጥቦ አይፈታም። ከታች ትንሽ ቋጠሮ ይበቃዋል። ርዝመቱ ለጋቢ አንድ ጋት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በምድር ይጎተታል፤ እሳትም ይነካዋል።

ጥንቃቄው በቆጠራው ላይ ነው። አንዱ ስምንት፣ አንዱ አሥር፣ አንዱ ስድስት ከሆነ ቁጭቱ ወፍራምና ቀጭን ሆኖ ጫፉ ያዘነብላል። ሲጀምሩ ሁሉም ይቆጥራል፤ ወደ መካከል ሲደረስ እጅ «ለመድሁት» ይላል፤ ያን ጊዜ ነው የሚበላሸው። እኔ በየሃያው እያቆምሁ ወደ ኋላ አያለሁ። በዚህ በፊታችሁ ባለው ጋቢ በአንዱ ጫፍ 112 ቁጭት አለ።

አንዳንዶቻችሁ በፋብሪካ የታተመ የጥለት አምሳያ በገበያ ሞልቶ ሳለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ትሉ ይሆናል። እኔም አልፈርድባችሁም፤ የእጅ ሥራ ጋቢ ዋጋው ከብዙ ሰው አቅም በላይ እየሆነ ነው፤ ብርድ ደግሞ አይጠብቅም። ነገር ግን የታተመ ጥለት የኋላው ነጭ ነው፤ ገልብጣችሁ እዩት። የተሠራ ጥለት በጀርባውም ጥለት ነው። በአራት ድርብ ልብስ ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ስለ ጊዜውም አንድ ቃል። ለልደት የሚደርስ ጋቢ ማጉ ተፈትሎ ያለቀ መሆን ያለበት የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 በፊት ነው። በጾሙ ወራት ሸማኔዎች ትእዛዝ ይበዛባቸዋል። ዘመነ ዮሐንስ በሆነ ዓመት ደግሞ ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል አንድ ቀን ይጎድላል፤ አንድ ቀን ለሚቋጭ ሰው ብዙ ነው።

ይህ ጋቢ የማን ነው ብላችሁ ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። የእማማ ነው። ዘንድሮ እንዝርት አልያዙም፤ ዓይናቸው ከልክሏቸዋል። ማጉ ግማሹ ከአሮጌው ዘንቢል ሥር የተረፈ የእርሳቸው ፈትል ነው፤ ግማሹ የእኔ ነው። የእኔ ፈትል አንዱ ጋ እንደ ጣት ይወፍራል፤ አንዱ ጋ ይቀጥናል፤ ጋሼ ሲያዩት ምንም ሳይናገሩ ወደ ውስጥ ድርብ እንዲገባ አድርገው ሠሩት። በላይ በኩል ያለው ለስላሳው የእማማ ነው። ጥለቱ ሁለት ጣት ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ የጥጥ ክር፣ በመካከሉ አንድ ቀጭን ነጭ መሥመር ያለው። ነጩን መሥመር ያስገባሁት እማማ በጣታቸው ሲዳስሱት የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ እንዲያውቁ ብዬ ነው፤ ጋሼ ክሩን ወፈር አድርገው አስገቡት፤ ይዳሰሳል። አረንጓዴውን ክር ሁለት ጊዜ ነከርሁት። ጋሼ ግን «ነክረሽዋል?» ብለው ዘንድሮም ጠየቁኝ፤ እኔም ነጩን ጨርቅ ይዤ ሄጄ ነበርና በእጃቸው ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን ዘርግተው አይተው ከኪሳቸው ከተቱት።

የአባባ ጋቢ አሁንም አለ። ደመናው በየእጥበቱ እየሳሳ ሄዶ ዛሬ የማያውቅ ሰው ላያየው ይችላል። እኔ አየዋለሁ።

በዚህኛው የመጀመሪያው ጫፍ አልቋል። በሁለተኛው ጫፍ ትናንት ማታ እስከ 81 ደርሻለሁ፤ 31 ቀርተውኛል። ማንም መሞከር የሚፈልግ ካለ ከንግግሩ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ይምጣ፤ ስምንት ክር እሰጠዋለሁ። ከ82ኛው እስከ 90ኛው ያሉትን ግን አትንኩብኝ። እነዚያን እማማ ራሳቸው ሊቋጩ ጠይቀውኛል።